ትራክተሩ «አልዞርም» ሲል ምን እናድርግ?



ባለፈው ትምህርታችን ናፍታ እንዴት እንደሚጣራና እንዴት እንደሚቀመጥ አይተናል። ዛሬ ደግሞ ብዙ ማኅበራት የጠየቁትን ጥያቄ እናነሣለን። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ትራክተራችን ማታ በደህና ሠርቶ ገባ። ጧት ቁልፉን ስናዞረው ሞተሩ አልዞር አለ። ምን ይሻላል?»

ይህ ጥያቄ ትንሽ አይደለም። በሬ የሌለው ጎረቤት፣ ባሏ የሞተባት እናት፣ ጉልበታቸው የደከመ አዛውንት የትራክተሩን ተራ ይጠብቃሉ። ዝናብ ግን የማንንም ተራ አይጠብቅም። የአፈሩ ርጥበት ካለፈ የዘር ጊዜ አብሮ ያልፋል። ስለዚህ በሰኔ ወር ትራክተር ሦስት ቀን ቆመ ማለት የአንዳንድ ሰው ማሳ ጦም አደረ ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በአርሲ፣ በጭላሎ አውራጃ ትራክተር ሲበዛ ብዙ ጭሰኞች ከሚያርሱት መሬት ተፈናቅለዋል። ባለ መሬቱ «ትራክተር አለኝ፣ ጭሰኛ አልፈልግም» ይል ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ገበሬው በማኅበር ተደራጀ። ያ ጭሰኛ ያስነቀለ መሣሪያ በማኅበር እጅ ሲገባ ለሁሉም የሚያርስ ሆነ። የሁሉም የሆነ ነገር ደግሞ «የማንም አይደለም» ተብሎ እንዳይጣል ሁሉም ሊያውቀው ይገባል። ሹፌሩ ብቻ አውቆ አይበቃም።

መካኒክ ከከተማ ለማስመጣት ገንዘብም ቀንም ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ መካኒኩ መጥቶ አንድ የላላ ብሎን አጥብቆ ይመለሳል። ይህን እኛው ልንሠራው እንችላለን። እንዲሁም ልንነካው የማይገባን ነገር አለ። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የዛሬው ትምህርት ዓላማ ነው።

1. አለመዞርና አለመነሣት አንድ አይደሉም

ቁልፉ ሲዞር ሁለት ሥራ በተከታታይ ይሠራል። መጀመሪያ ሞተሪኖ የሚባለው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ትልቁን ሞተር ያዞረዋል። ቀጥሎ ትልቁ ሞተር አየር ስቦ ያፍናል። የታፈነው አየር ይግላል፤ ናፍታ ይረጭበታል፤ ይቀጣጠላል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ በራሱ ይሄዳል፤ የሞተሪኖው ሥራ ያበቃል።

ሞተሩ በደንብ እየዞረ ካልተነሣ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የናፍታ ወይም የአየር ነው። ሞተሩ ከነአካቴው ካልዞረ፣ ወይም እያቃሰተ ዞሮ ከቆመ ግን ናፍታውን መነካካት ከንቱ ድካም ነው። የናፍታ ቧንቧ በከንቱ ሲፈታ አየር ይገባበታል። አንድ የነበረው ችግር ሁለት ይሆናል።

እንግዲህ የዛሬው ትምህርታችን ስለማይዞር ሞተር ነው።

ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል በእሱ ስም የሚጠራውን ሞተር በ1897 እ.ኤ.አ. አሠርቶ አሳየ። የናፍታ ሞተር አየሩን ከ15 እስከ 20 እጥፍ ያህል ያፍናል። ይህን ያህል አየር ለማፈን ብዙ ጉልበት ያስፈልጋል። ድሮ መኪና የሚነሣው በእጅ፣ በማንቬላ ነበር። ማንቬላ ወደ ኋላ ተመልሶ ሲመታ የብዙ ሰው ክንድ ይሰበር ነበር። በ1911 እ.ኤ.አ. ቻርልስ ኬተሪንግ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ለመኪና የሚሆን የኤሌክትሪክ ማስነሻ ሠራ። ዛሬ በትራክተራችን ላይ ያለው ሞተሪኖ የዚያ ልጅ ነው።

2. ከሁሉ በፊት ጥንቃቄ

ምርመራ ከመጀመራችሁ በፊት የሚከተሉትን ስድስት ነገሮች አድርጉ።

ሀ. ትራክተሩን በደልዳላ ቦታ አቁሙ። የእጅ ፍሬን ያዙ። ጎማውን በድንጋይ ደግፉ።
ለ. ማርሹን ባዶ አድርጉ። ማረሻውን መሬት አስቀምጡ። ለወፍጮ ወይም ለመውቂያ ኃይል የሚሰጠውን ዘንግ አላቁ።
ሐ. ልጆችን አርቁ። በጎማው ፊትም ሆነ ኋላ ማንም አይቁም።
መ. ባትሪ አጠገብ ሲጋራ አይጨስ፤ ክብሪት አይጫር። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል።
ሠ. በባትሪ ውስጥ ያለው አሲድ ዓይን ያጠፋል፤ ልብስ ይበላል። ዓይን ከነካ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ ከ15 ደቂቃ ላላነሰ ጊዜ እጠቡና ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።
ረ. ቀለበትና የእጅ ሰዓት አውልቁ። ብረት በሁለቱ የባትሪ ራሶች መካከል ከገባ ቀልጦ ሥጋ ያቃጥላል።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠውን ልብ በሉ። አንዳንድ ሹፌሮች ሞተሩ አልዞር ሲል ከትራክተሩ ወርደው፣ በትልቁ ጎማ ፊት ቆመው፣ በካቻቢቴ የሞተሪኖውን ሁለት ብሎኖች ያገናኛሉ። ብልጭ ይላል፤ ሞተሩም ይነሣል። ማርሽ ውስጥ ከሆነ ግን ትራክተሩ ወዲያው ወደ ፊት ይዘላል። የቆመውን ሰው ትልቁ ጎማ ይረግጠዋል። ለመሸሽ ጊዜ የለም። በዚህ መንገድ በልዩ ልዩ አገር ብዙ ገበሬ ሞቷል። ስለዚህ ትራክተር የሚነሣው በወንበሩ ላይ ተቀምጦ በቁልፉ ብቻ ነው። «ዛሬ ብቻ፣ ስለ ቸኮልን» የሚባል ነገር የለም።

3. የጉልበቱ መንገድ

ጉልበት ከባትሪ ወጥቶ ተመልሶ ወደ ባትሪ ይገባል። መንገዱ እንዲህ ነው፦

ከባትሪው መደመር (+) ራስ → በወፍራም ካቦ ወደ ሞተሪኖ → በሞተሪኖ በኩል ወደ ሞተሩ ብረት → በሁለተኛው ወፍራም ካቦ ወደ ባትሪው መቀነስ (−) ራስ።

ሁለተኛውን ካቦ መካኒኮች «ማሳ» ይሉታል። የእርሻ ማሳ ማለት አይደለም። የትራክተሩን ብረት ከባትሪው ጋር የሚያገናኝ ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ካቦ ይረሳዋል። ነገር ግን የሄደው ጉልበት ሁሉ የሚመለሰው በእሱ ነው።

ከዚህ ሌላ አንድ ቀጭን መንገድ አለ። እሱ ከቁልፉ ተነሥቶ ሞተሪኖው ጀርባ ላይ ወደ ተገጠመች ትንሽ ሲሊንደር ይሄዳል። ይህች ሲሊንደር በር ከፋች ናት። ቁልፉ ትእዛዝ ሲሰጣት «ጠቅ» ብላ ትልቁን መንገድ ትከፍታለች። በአንዳንድ ትራክተር ቀጭኑ መንገድ በማርሽ ወይም በፍሪሲዮን ላይ ባለ መከላከያ በኩል ያልፋል። ማርሹ ባዶ ካልሆነ ወይም ፍሪሲዮን ካልተረገጠ ትእዛዙ አይደርስም። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ሰው እንዳይሞት የተሠራ ነው።

አሁን አንድ ጥያቄ ይነሣል። «መብራቱ ይበራል፤ ታዲያ ሞተሩ ለምን አይዞርም?»

መልሱን ከመስኖ እንወቀው። ቦይ በደለል ሲሞላ ትንሽ ውሃ ያሳልፋል። ያ ውሃ የጓሮ ጎመን ያጠጣል። ሰፊ የበቆሎ ማሳ ግን አያጠጣም። የትራክተር አንድ የፊት መብራት 4 ወይም 5 አምፔር ያህል ይበቃዋል። ሞተሪኖው ግን በመቶ የሚቆጠር አምፔር ይፈልጋል። በካቦው ራስ ላይ ያለ ዝገት ለመብራቱ የሚበቃውን ያሳልፋል። ለሞተሪኖው የሚፈለገውን ግን ይከለክላል። ስለዚህ መብራት በራ ማለት ባትሪውም መንገዱም ደህና ነው ማለት አይደለም።

4. ጆሮ ስጡ

ቁልፉን አዙሩና አድምጡ። አንድ ሰው ያዙር፤ ሌላው ራቅ ብሎ ያዳምጥ። ድምፁ ችግሩ የት እንዳለ ይናገራል።

አንደኛ፤ ምንም ድምፅ የለም። ወይ ባትሪው ባዶ ነው፣ ወይ ካቦ ተበጥሷል ወይም ወልቋል፣ ወይ የቁልፉ ቀጭን መንገድ ተዘግቷል። ማርሹን፣ ፍሪሲዮኑንና ፊውዙን እዩ።

ሁለተኛ፤ አንድ ጊዜ «ጠቅ» ብሎ ዝም። ትእዛዙ ደርሷል፤ ጉልበቱ ግን አልበቃም። የካቦ ራስ ዝጓል ወይም ላልቷል፣ ወይም ሞተሪኖው ታሟል፣ ወይም ሞተሩ ራሱ ተይዟል።

ሦስተኛ፤ «ጠቅ ጠቅ ጠቅ ጠቅ» እያለ ቶሎ ቶሎ ይመታል። አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው ደክሟል ወይም ካቦው በደንብ አልተያዘም ማለት ነው።

አራተኛ፤ እያቃሰተ በዝግታ ይዞራል፤ አንዳንዴም መሐል ላይ ይቆማል። ባትሪው ደክሟል፣ ወይም መንገዱ ጠቧል፣ ወይም የሞተሩ ዘይት በብርድ ወፍሯል። በደጋ አገር ውርጭ በጣለበት ጧት ፍሪሲዮን ረግጣችሁ አስነሡ። የካምቢዮው ወፍራም ዘይት እንዳይጎትተው ሸክሙን ያቀልለታል።

አምስተኛ፤ ሞተሪኖው «ዝዝዝ» ብሎ በባዶ ይዞራል፤ ትልቁ ሞተር ግን አይንቀሳቀስም። የሞተሪኖው ጥርስ ቮላኖ ከሚባለው ባለ ጥርስ ክብ ብረት ጋር አልተያያዘም። ይህ የመካኒክ ሥራ ነው። ደጋግማችሁ ብትሞክሩ ጥርሱን ትፈጫላችሁ።

ሌላ ማስታወሻ፦ ቁልፉን በአንድ ጊዜ ከ10 ወይም ከ15 ሴኮንድ በላይ አትያዙ። ከያንዳንዱ ሙከራ በኋላ አንድ ደቂቃ ያህል አሳርፉ። ሞተሪኖ ለአጭር ጊዜ የተሠራ ነው። ሲረዝምበት ይግልና ሽቦው ይቃጠላል።

5. የመብራት ምርመራ

ለዚህ ምርመራ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። የፊት መብራቱን አብሩ። አንድ ሰው መብራቱን ይይ። ሌላው ቁልፉን ያዙር።

መብራቱ ቀድሞውንም ካልበራ ባትሪው ባዶ ነው ወይም ካቦ ወልቋል።

መብራቱ በርቶ ቁልፉ ሲዞር ከጠፋ ወይም በጣም ከደበዘዘ ጉልበቱ አልበቃም። ባትሪውንና የካቦ ራሶችን መርምሩ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ሞተሩ ራሱ እንዳልተያዘ እዩ።

መብራቱ እንደ በራ ከቆየና ሞተሪኖው ዝም ካለ ጉልበቱ ወደ ሞተሪኖው ጨርሶ አልሄደም። ቁልፉን፣ ፊውዙን፣ የማርሹን መከላከያ፣ በር ከፋቿን ሲሊንደርና ሞተሪኖውን ጠርጥሩ።

6. የካቦ ራሶችን ማጽዳት

ከአሥር ችግር ብዙው የሚያበቃው እዚህ ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ።

ሀ. ቁልፉን አውጡ።
ለ. መጀመሪያ የመቀነስ (−) ካቦን ፍቱ። ቀጥሎ የመደመር (+) ካቦን ፍቱ። በመጀመሪያ መደመሩን ብትፈቱና መፍቻው የትራክተሩን ብረት ቢነካ ኃይለኛ ብልጭታ ይነሣል።
ሐ. ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ በሙቅ ውሃ እጠቡ። የምግብ ሶዳ በውሃ በጥብጣችሁ ብታፈሱበት አሲዱን ይገድለዋል። ውሃው በባትሪው ክዳን ቀዳዳ እንዳይገባ ተጠንቀቁ።
መ. ካደረቃችሁ በኋላ የባትሪውን ራስና የካቦውን መያዣ ውስጡን በሽቦ ብሩሽ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ፋቁ። እርሳሱ እስኪያበራ ድረስ ፋቁ።
ሠ. የማሳው ካቦ ሌላው ጫፍ ከሻንሲው ወይም ከሞተሩ ጋር የታሰረበትን ቦታም ፍቱና ፋቁ። ወደ ሞተሪኖ የሚሄደውንም እንዲሁ።
ረ. ስታስሩ መደመሩን አስቀድሙ፤ መቀነሱን አስከትሉ። በደንብ አጥብቁ። በእጅ ስትነቀንቁት መነቃነቅ የለበትም።
ሰ. ካጠበቃችሁ በኋላ ከላይ ግሪስ ቀቡ። ግሪሱ አየርና አሲድ እንዳይደርስ ይከላከላል።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ካቦም እንደዚሁ ነው። በችኮላ በድንጋይ ተመትቶ የተያዘ ካቦ በእርሻው መሐል ይወልቃል። መፍቻ ይኑራችሁ።

የላላ ወይም የዛገ መጋጠሚያን የምታውቁበት ሌላም ዘዴ አለ። ጥቂት ከሞከራችሁ በኋላ ቁልፉን መልሳችሁ የካቦ ራሶችን በጥንቃቄ ዳስሱ። የጋለው መጋጠሚያ ጉልበት የሚባክንበት ነው።

7. ባትሪው

ባለ 12 ቮልት ባትሪ ስድስት ክፍል አለው። አንዱ ክፍል ሲሞላ 2.1 ቮልት ያህል ይሰጣል። እንግዲህ እናባዛ፦ 6 × 2.1 = 12.6። ስለዚህ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ነው።

ማኅበራችሁ የቮልት መለኪያ ወይም ቴስተር ካለው ትራክተሩ አድሮ ሳይነሣ ለኩት።

12.6 — ሙሉ ነው።
12.4 — ሩቡ ጎድሏል።
12.2 — ግማሽ ነው።
12.0 — ሩብ ብቻ ቀርቶታል።
ከ11.8 በታች — ባዶ ነው።

ቀጥሎ አንድ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ለኩ። ሞተሪኖው እየጎተተ ሳለ ከ9.6 በታች ከወረደ ወይ ባትሪው መሞላት ይፈልጋል፣ ወይ አርጅቷል፣ ወይ ሞተሩ ተይዟል። ሌላም መለኪያ አለ። ቁልፉ ሲዞር የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው መቀነስ ራስ ላይ፣ ሁለተኛውን በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ አድርጉ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ የማሳው መንገድ ታሟል።

ባትሪ ውሃ ይጠጣል። በየሁለት ሳምንቱ ክዳኑን ከፍታችሁ እዩ። ውሃው ከዝርግ እርሳሶቹ በላይ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር፣ ማለት የአንድ ጣት ወፍረት ያህል መሆን አለበት። ከጎደለ የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ጨምሩ። የወንዝም ሆነ የጉድጓድ ውሃ አይሆንም። በውስጡ ያለው ጨውና ማዕድን ባትሪውን ይገድለዋል። አሲድም አትጨምሩ። ከባትሪው በትነት የሚጎድለው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለም።

ባትሪ ባዶውን መቆም አይወድም። ከመኸር በኋላ ትራክተሩ ሦስት ወር ከቆመ ባትሪው ቀስ በቀስ ራሱን ያወጣል። ባዶ ሆኖ ሲቆይ እርሳሱ ላይ ጠንካራ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ሞላሁ ቢሉት አይሞላም። ስለዚህ በሥራ ፈት ወራት የመቀነሱን ካቦ ፍቱለት፤ በየወሩም አስሞሉት።

ባትሪው ደጋግሞ ከደከመ የሚሞላውን እዩ። ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው ባትሪውን ይሞላል። ሞተሩ እየሄደ የባትሪው ቀይ መብራት ካልጠፋ ዲናሞው አይሞላም ማለት ነው። ሞተሩን አጥፉና ቺንጊያውን በአውራ ጣት ጫኑት። አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ መርገብ አለበት። ከዚያ በላይ ከረገበ ላልቷል፤ ይንሸራተታል። ቴስተር ካላችሁ ሞተሩ እየሠራ በባትሪው ራሶች ላይ 14 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት።

ከሌላ መኪና ጉልበት መበደር ቢያስፈልግ የሁለቱም ባትሪ 12 ቮልት መሆኑን አረጋግጡ። ብዙ ትልልቅ የጭነት መኪናዎች 24 ቮልት ናቸው፤ ከእነሱ አትበደሩ። መደመር ከመደመር ጋር ይያያዝ። ከዚያ የደህናው ባትሪ መቀነስ ከተበላሸው ትራክተር ሞተር ብረት ጋር፣ ከባትሪው ርቆ ይያያዝ። ብልጭታ ቢነሣ ጋዝ ካለበት ይርቃል።

8. ኪስ ከመፍታት በፊት ካቦ መፍታት

በምናስተምርበት ወረዳ የአንድ ማኅበር ትራክተር በሰኔ ቆመ። ቁልፉ ሲዞር «ጠቅ» ይላል፤ ይቆማል። «ሞተሪኖው ተቃጥሏል» ተባለ። ስብሰባ ተጠራ፤ ገንዘብ ወጣ፤ አዲስ ሞተሪኖ ተገዝቶ ተገጠመ። ቁልፉ ሲዞር ያው «ጠቅ» ብቻ ሆነ።

በአምስተኛው ቀን የማኅበሩ ዕቃ ቤት ጠባቂ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው፣ ሹፌሩን እንዲህ ብለው ጠየቁት፦

«ልጄ፣ ይህ ወፍራም ሽቦ ወዴት ነው የሚሄደው?»
«ወደ ሻንሲው ነው፣ አባቴ። ማሳ ይባላል።»
«የታሰረበት ቦታ ምነው ቀለም ተቀባ?»

ሹፌሩ ዝም አለ። በበጋ ትራክተሩ እንዲያምር ቀለም ተቀብቶ ነበር። ካቦው ተፈትቶ በቀለሙ ላይ ተመልሶ ታስሯል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ጉልበቱ የሚያልፈው በብሎኑ ጥርስ ብቻ ነበር። ብሎኑ ጥብቅ እያለ እንደ ምንም ሠራ። ሲላላ ግን ቆመ።

ቦታው ብረቱ እስኪታይ ተፋቀ፤ ካቦው ታሰረ። ሞተሩ በመጀመሪያው ሙከራ ዞረ። አሮጌው ሞተሪኖ ተመልሶ ሲገጠም እሱም ሠራ። ገንዘቡ በሞተሪኖ መልክ ዕቃ ቤት ተቀመጠ። አምስቱ ቀን ግን አልተመለሰም። በዚያ ሳምንት ተራቸው የነበረ አባወራዎች ዘግይተው ዘሩ። የዘገየ ጤፍ ዝናቡ ቶሎ ከወጣ ምን እንደሚሆን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

እኚያ አባት መካኒክ አይደሉም። ነገር ግን መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይናቸው ተከተሉ። ሞተሪኖ የሚገዛው መንገዱ ሁሉ ተመርምሮ ካለቀ በኋላ ነው።

9. ሞተሩ ራሱ ከተያዘ

ባትሪው ሙሉ፣ ካቦው ንጹሕ ሆኖ «ጠቅ» ብሎ ከቆመ ሞተሩ በእጅ ይዞር እንደሆነ እዩ። ቁልፉን አውጡ፤ ማርሹን ባዶ አድርጉ፤ የናፍታ ማቆሚያውን ሳቡ። ከፊት ባለው የሞተሩ ፑሌ ብሎን ላይ ረጅም መፍቻ አግቡና በሞተሩ መዞሪያ አቅጣጫ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ሁለት ሙሉ ዙር ከዞረ ሞተሩ ነፃ ነው፤ ወደ ሞተሪኖው ተመለሱ። መፍቻውን ሳታወጡ ቁልፍ አትንኩ።

አንድ ቦታ ደርሶ ድንጋይ እንደነካ ከቆመ አታስገድዱ። ምናልባት ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ገብቷል። አየር ይታፈናል፤ ውሃ ግን አይታፈንም። በግድ ሲዞር የፒስቶኑ ክንድ ይጎብጣል ወይም ይሰበራል። ይህን ትራክተር በሌላ ትራክተር ጎትቶ ለማስነሣት መሞከር ሞተሩን መግደል ነው። የዘይቱን መለኪያ ሳቡና እዩ። ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ውሃ ተቀላቅሎበታል። መካኒክ ጥሩ።

ውሃው ከየት ይመጣል? አንዳንዴ ከራዲያተሩ፣ በተበላሸ ጓርኒሲዮን በኩል ነው። አንዳንዴ ግን ከሰማይ ነው። ጭስ ማውጫው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የቆመና ክዳን የሌለው ትራክተር ሌሊቱን ዝናብ ይጠጣል። አንድ ባዶ ቆርቆሮ ብትደፉበት ሞተር ታድናላችሁ። ጧት ከማስነሣታችሁ በፊት ቆርቆሮውን አንሡ።

10. በእጅ የሚነሡ የወፍጮና የፓምፕ ሞተሮች

ብዙ ማኅበራት በማንቬላ የሚነሣ ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍታ ሞተር አላቸው። በዚህ ሞተር ራስ ላይ የአየር መልቀቂያ እጀታ አለ። እጀታው ሲነሣ ቫልቩን ትንሽ ከፍቶ አየሩ እንዳይታፈን ያደርጋል። ያን ጊዜ ሞተሩ ቀልሎ ይዞራል። ፍጥነት ሲያገኝ እጀታው ይመለሳል፤ ሞተሩ ይነሣል።

ማንቬላ ስትይዙ አውራ ጣታችሁ ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ይሁን። እንደ ዶማ እጀታ አትጨብጡት። ማንቬላው ወደ ኋላ ቢመታ እጃችሁን ለቆ ይሄዳል። ነጠላና ጋቢ አውልቁ።

ትንንሽ የቤንዚን ሞተሮች አየሩን በራሱ የሚለቅ መሣሪያ በውስጣቸው አላቸው። የቫልቩ ክፍተት በአገልግሎት ብዛት ከሰፋ ይህ መሣሪያ ቫልቩን መክፈት ይሳነዋል። ሞተሩ ግማሽ ዙር ዞሮ «እምቢ» ይላል። ባትሪው አዲስ ቢሆንም፣ ገመዱ ቢሳብም ያው ነው። መፍትሔው በሞተሩ መጽሐፍ የተጻፈውን የክፍተት ልክ አንብቦ ማስተካከል ነው።

11. የትራክተሩ ደብተር

ማንበብና መጻፍ የተማርነው ለዚህም ነው። ለትራክተሩ አንድ ደብተር ክፈቱ። እንዲህ ይጻፍ፦

ሰኔ 3 — የባትሪ ውሃ ታየ። ሁለት ክፍል ጎድሎ ተሞላ።
ሰኔ 10 — የካቦ ራሶች ተፈትተው ጸዱ። ግሪስ ተቀባ።
ሰኔ 12 — ጧት በዝግታ ዞረ። ቺንጊያው ላልቶ ተገኘ፤ ተጠበቀ።

ከያንዳንዱ መሥመር ጎን የሠራው ሰው ስሙን ይጻፍ። ትራክተሩ ሲቆም መካኒኩ ደብተሩን አይቶ ግማሽ ሥራውን ይጨርሳል። ሹፌሩ ቢለወጥም ዕውቀቱ ከማኅበሩ አይወጣም።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ሞተሩ በደንብ እየዞረ ካልተነሣ ባትሪውን ነው የምንጠረጥረው ወይስ ናፍታውን? ለምን?
2. ካቦ ስንፈታ የትኛው ይቀድማል? ስናስርስ?
3. መብራቱ እየበራ ሞተሩ የማይዞረው ለምንድን ነው? የመስኖውን ምሳሌ በራሳችሁ ቃል ጻፉ።
4. አንድ ባትሪ አድሮ ሲለካ 12.0 ቮልት አሳየ። ከ12.6 ስንት ጎደለው? ምን ያህሉ ቀርቶታል?
5. ከመሬት ቆሞ በካቻቢቴ ሞተሪኖ ማገናኘት ለምን ሰው ይገድላል? ለማኅበራችሁ ሹፌር አንብቡለት።
6. ዛሬ ማታ የትራክተራችሁ ጭስ ማውጫ ክዳን እንዳለው ሄዳችሁ እዩና በደብተር ጻፉ።

አዳዲስ ቃላት

ሞተሪኖ — ትልቁን ሞተር አዙሮ የሚያስነሣ የኤሌክትሪክ ሞተር።
ካቦ — ከባትሪ ጉልበት የሚወስድ ወፍራም ሽቦ።
ማሳ — ባትሪውን ከትራክተሩ ብረት ጋር የሚያገናኝ ካቦ።
ቺንጊያ — ዲናሞን የሚያዞር ቀበቶ።
ቮልት — የኤሌክትሪክ ግፊት መለኪያ።
አምፔር — የሚፈሰው ኤሌክትሪክ ብዛት መለኪያ።